ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ያዘመመ ቤት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያኔ ሞባይል ይዤ ነበር፣ ልጄም የሚያገኘኝ በእሱ ነበር። ዓመቱን ንገረን ብትሉኝ ግን እንጃ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ያሉት ዓመታት እንደተጠቀለለ ጋቢ ናቸው፤ ጫፋቸው ከየት እንደሚጀምር አላውቀውም።

ያን ጊዜ ሴቻ፣ በላይኛው የከተማው ሰፈር፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ዘበኛ ይበሉኝ እንጂ የምጠብቀው ብዙ ነገር አልነበረም። በር እከፍታለሁ፣ አበባ አጠጣለሁ፣ ማንጎው ሲደርስ ጦጣ እንዳይጨርሰው አያለሁ። የቤቱ ባለቤት አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ለበዓል ብቅ ብሎ ይሄዳል። ከበረንዳው ላይ በአንድ በኩል ዓባያ ቀላ ብሎ፣ በሌላ በኩል ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እንግዶች ለሐይቁ ብለው ወንበራቸውን ወደዚያ ያዞራሉ። እኔም ወደ ሐይቁ ነበር የምዞረው፤ ግን ለሐይቁ ብዬ አይደለም። ጀርባዬን ለተራራው ለመስጠት ነው። ቤቴ ያለው ተራራው ላይ ነው።

ከዘበኝነቱ በፊት ሸማኔ ነበርኩ። አባቴም ሸማኔ ነበር። ጉልበቴ ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ውስጥ አልታጠፍ ሲል፣ ዓይኔም የጥለቱን ክር መለየት ሲያቅተው ተውኩት። ስለ ትምህርት ከጠየቃችሁኝ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ይሄንንም የምጽፈው በዚያችው ነው።

ቤቴ ዶርዜ ነው። የእኛን አገር ቤት ያላየ ካለ ልንገረው። ቀርከሃ ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት ከታች እስከ ላይ ይሸመናል፣ ከዚያ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ይለበሳል። አዲስ ሲሆን ከዛፍ ይወዳደራል። መሬት የነካውን እግሩን ግን ምስጥ ይበላዋል። የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱ ዝቅ ይላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ይበላል፣ ደግሞ ይቆረጣል፣ ደግሞ ዝቅ ይላል። እኛ ዘንድ ቤት እንደ ሰው ሲያረጅ ያጥራል ማለት ነው። ከሩቅ አይተን «ያ የሙሽራ ቤት ነው፣ ያኛው የአያት ነው» እንላለን። ምስጡ ከቦታው አልለቅ ካለ ደግሞ ጎረቤት ይጠራል፤ ቤቱ እንዳለ፣ ከነጣራው ከመሬት ተነሥቶ በሰው ትከሻ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

የእኔም ቤት እግሩ አልቆ ነበር። ልጄ እዚያው ደጋ ከእኔ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የሚኖረው፤ በየሳምንቱ ይደውላል።

«አባ፣ ከዝናቡ በፊት መወሰን አለብን። ወይ ይነሣ፣ ወይ ይፍረስና ቆርቆሮ እንሥራ።»

«እሺ ልጄ፣ አስብበታለሁ።»

«ባለፈውም እንዲሁ ነው ያልከኝ።»

«ያንኑ ነው የማስበው፤ ገና አልጨረስኩም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ያረፈችው እዚያ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ነው። ሠርታ የምታርፈውም፣ ስትቆጣኝ ጀርባዋን የምትሰጠኝም እዚያው ላይ ነበር። ከለቅሶው በኋላ ወደ ከተማ ወረድኩ፣ ከዚያ ወዲህ አልወጣሁም። ይፍረስ እንዳልል እሷ ያለችው እዚያ ነው። ይነሣ እንዳልል፣ ቤቱ ሲሄድ እሷ የተቀመጠችበት መሬት ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ዝም እንዳልል ደግሞ ምስጡ ዝም አይልም። እናም ይሄን ሁሉ እያወቅሁ ዝም አልኩ።

በዚህ መሀል ነው አስተማሪዋ የመጣችው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የቤት ንድፍ የምታስተምር የአዲስ አበባ ልጅ ናት። የኪራይ ቤት እስካገኝ ብላ ገብታ እዚያው ቀረች። ከዕቃዋ ጋር አንድ ትልቅ ሥዕል ነበራት፤ ዋናው አይደለም፣ ከዋናው ላይ የታተመ ነው። የክፍሏ ግድግዳ እርጥበት ስላለው «ሳሎን እንስቀለው» አለች። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።

የአንድ የገጠር ቤት ሥዕል ነው፤ የፈረንጅ ገጠር። ግድግዳው ቢጫ፣ ጣራው እንደ ሸክላ ቀይ፣ መስኮቶቹ ሰማያዊ ሆነው የተዘጉ። ከፊቱ የሚጠማዘዝ መንገድ አለ፣ ከኋላው ኮረብታ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። ግን ምኑም ልስልስ ተደርጎ አልተሣለም። ቀለሙ ወፍራም ነው፤ አንድ ጭረት ከሌላው ጭረት አጠገብ እየተለጠፈ ነው የተሠራው፣ ጭቃ በእጅ እንደተመረገ ግድግዳ። ሰማዩ እንኳ ጭረት ብቻ ነው። ቤቱም ቀጥ ብሎ አልቆመም። ወደ ግራ አዝምሟል።

የቤቱን ጽዳትና ምግብ የምትይዘው የምዕራብ ዓባያ ሴት ነበረች፤ ምላሷ ከመጥረጊያዋ ይፈጥናል። ሥዕሉ ፊት ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ይሄን የሣለው ሰውዬ ነው የጠጣው ወይስ ቤቱ ነው የጠጣው?»

አስተማሪዋ ሳቀች። «ሁለቱም ሳይቀምሱ አልቀሩም።»

«የኔ እህት፣ እኛ ሙዝ ማሳ ውስጥ ያለው የጠባቂ ጎጆ እንኳ ከዚህ ይቆማል። ባለቤቱ ምን አለ፣ ቤቱን እንዲህ ሲያዋርድበት?»

እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔ የጣራው ጠርዝ ላይ ነበር። መሬት ሊነካ ጥቂት ነው የቀረው። በልቤ «ይሄ ቤት አርጅቷል፤ ምስጥ ጨርሶታል» አልኩ። «ጎረቤት የለውም እንዴ? ለምን አያነሡለትም?»

በማግስቱ ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ ማንም እንደሌለ አይቼ ገባሁ። ሥዕሉ በአንድ ምስማር ላይ በገመድ ነው የተንጠለጠለው። የፍሬሙን አንዱን ጫፍ በእጄ ቀስ አድርጌ ከፍ አደረግሁት። ቤቱ ቀጥ አለ። ልቤም ትንሽ ዐረፈ፣ ወጥቼ አበባዬን አጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ብገባ ሴትየዋ ስትወለውል ፍሬሙን ወደ ቦታው መልሳዋለች፤ ቤቱ እንደገና ዘምሟል። በማግስቱ አነሣሁት። እሷ መለሰችው። እንዲህ እያልን ብዙ ቆየን። እሷ እኔ መሆኔን አታውቅም፣ እኔም አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ሳልጠራት በረንዳው ላይ መጥታ ቆመች። «አባባ፣ እዚህ ቤት የሆነ ነገር አለ። ያ ሥዕል በየቀኑ ይዞራል። ነፋስ ነው እንዳልል መስኮቱ ዝግ ነው። ጠበል ልርጭበት ይሆን?»

«መርጨቱ አይከፋም» አልኳት፣ ማንጎውን እያየሁ።

ታዲያ አንድ ጠዋት እጄ ፍሬሙ ላይ እንዳለ አስተማሪዋ በባዶ እግሯ ከኋላዬ መጣች።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት?»

ምን ልበል? «ሊወድቅ ነው ብዬ ነው ልጄ» አልኳት።

ያቺ ጠበል የረጨችው ሴት ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። «ወይ ጉድ! አንድ ጠርሙስ ጠበል ጨረስኩ እኮ! ሰይጣኑ እርስዎ ነዎት እንዴ አባባ?»

አስተማሪዋ ግን አልሳቀችብኝም። ፍሬሙን ልመልስ ስል እጄን ያዘችኝ። «ይተዉት፣ እንዲሁ ይሁን። አሁን ቤቱን ይተዉና ኮረብታውን ይዩልኝ።»

አየሁ። ኮረብታው ተንጋዷል። ዛፎቹ ሊገነደሱ ደርሰዋል። መንገዱ ቁልቁል መሄዱን ትቶ ሽቅብ ይፈሳል። እስከዚያ ድረስ ቤቱን እንጂ ሌላውን አይቼው አላውቅም ነበር።

«አዩ? ቤቱን ሲያቃኑት ሌላው ሁሉ ዘመመ። ሰውየው እንዲህ የሣለው ማቅናት አቅቶት አይደለም። ኮረብታው ይገፋል፣ ዛፉ ይስባል፣ ቤቱ መሀል ላይ ነው። ተደጋግፈው ነው የቆሙት።» ፍሬሙን በቀስታ ወደ ቦታው መለሰችው። «ደግሞ በጣም ቀርበው ነው የሚያዩት። እስቲ ራቅ ይበሉ። ከበሩ ይዩት።»

ወደ በሩ ሄድኩና ዞርኩ። ምን ልበላችሁ፣ ጭረቱ ሁሉ ጠፋ። ቅርብ ሆኜ ስንጥር ስንጥር ይመስል የነበረው አረንጓዴ ሣር ሆነ። ግድግዳው ላይ ያለ ቦታው የገባ የመሰለኝ ሰማያዊ ቀለም የከሰዓት ፀሐይ ጥላ ሆነ። ቤቱ እንደዘመመ ነው፤ ግን አይወድቅም። ነፋስ ላይ እንደቆመ ሰው ነው።

«ጥለት ነው» አልኳት። «እኛም ቀይ ክር ከአረንጓዴ አጠገብ ስናስገባ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነን ስናየው ክር ብቻ ነው። ሴት ለብሳው ስትሄድ ነው ሌላ ቀለም የሚወጣው።»

«ይመሳሰላል» አለች። «ልዩነቱ ግን፣ እናንተ ጥለቱ ምን እንደሚሆን ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ይሄ ሰው አያውቅም። እያየ ነው የሚያገኘው። ለዚህ ነው እጁ የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው።»

ይሄን ነገር ሳኝከው ሰነበትኩ። እውነቷን ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀውን ነው የሠራሁት።

ከዚያ በኋላ ወንበሬን ከበረንዳው አንሥቼ የሳሎኑ በር ላይ አኖርኩት። እንግዳ ካልመጣ እዚያ እቀመጣለሁ። ሥዕል እንዲህ ይታያል ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ዝም ብዬ ነው የማየው፣ እንደ ጎረቤት ቤት። ጠዋት ብርሃን ሲገባ ቢጫው ግድግዳ ቅቤ ይመስላል። ደመና ሲሆን ዛፎቹ ይቀርባሉ። አንድ ቀን የዛፉ ጥላ ጥቁር አለመሆኑን አየሁ። ወይን ጠጅ ነው። «ጥላ እንዴት ወይን ጠጅ ይሆናል?» ብዬ ልስቅ ስል ዓይኔ ወደ ውጭ ሄደና ማንጎው ሥር ያለውን ጥላ አየሁ። እሱም ጥቁር አልነበረም። የሴቻ ቀይ አፈር ላይ የወደቀ ጥላ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ያን ቀን ነው ያየሁት። ተነሥቼ ሄጄ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩበት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም ሳሎን ነበርን። አስተማሪዋ ወረቀት ታርማለች፣ ሴትየዋ ምስር ትለቅማለች። ሴትየዋ ቀና አለችና ሥዕሉን አየችው።

«እኔን የሚገርመኝ» አለች፣ «ጭስ የለ፣ ዶሮ የለ፣ የተሰጣ ልብስ የለ። በሩ ዝግ። ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«ገበያ ሄደው ይሆናል» አለች አስተማሪዋ።

«ሁሉም? አሮጊቷም?»

«ለቅሶ የነበረበት ቤት ነው» አልኩ እኔ። ሳላስበው ነው የወጣኝ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ለምን አሉ አባባ?» አለች አስተማሪዋ።

ያን ጊዜ ነገርኳት። የጣራውን ዝቅ ማለት አሳየኋት። እኛ ዘንድ ቤት ሲያረጅ እንደሚያጥር፣ እግሩ ሲያልቅ ጎረቤት ተሰብስቦ እንደሚያነሣው፣ ይሄን ቤት ግን የሚያነሣው እንዳጣ። አስተማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም» አለች። «ግን አባባ፣ ይሄ ቤት ድንጋይ ነው። ምስጥ አይበላውም። ጣራው ዝቅ ያለው አገሩ ነፋስ ስለሚበዛበት ነው፤ ሲሠራም እንዲሁ ነው የተሠራው።»

«ድንጋይ ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«እንግዲያ አይነሣም በይኛ።»

«አይነሣም።»

ለዚያ ሁሉ ጊዜ በከንቱ አዝኜለት ኖሬአለሁ። ቤቱን ሳይሆን ራሴን ነበር ያየሁበት። ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። «ታዲያ ሰውየው ከዚያ ቤት እንዴት ነው የሚላቀቀው?»

አስተማሪዋ ተነሥታ ክፍሏ ገባችና አንድ ትልቅ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ጉልበቴ ላይ ዘረጋችልኝ። «አልተላቀቀም። ሠዓሊው ይሄንኑ ቤት ደጋግሞ ሥሎታል። ወንበሩን እያነሣ፣ አንዴ ከመንገዱ ማዶ፣ አንዴ ከኮረብታው ላይ፣ አንዴ ከጓሮ።»

ገጹን አገላበጥኩ። በአንዱ ላይ ቤቱ ትንሽ ነው፣ በዛፍ መሀል ጣራው ብቻ ይታያል። በሌላው ላይ ግድግዳው ነጭ ነው፤ ክረምት ነው መሰለኝ። በሌላው በሩ የለም።

«በሩ የት ሄደ?»

«በሌላ በኩል ነው። እሱ ጓሮ ነው የተቀመጠው።»

«የትኛው ነው ታዲያ እውነተኛው ቤት?»

ጣቷን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው አሻገረች። «ሁሉም ይመስለኛል። ቤቱ አይሄድም፣ ሰውየው ነው የሚሄደው። በሄደበት ሁሉ ግን ቤቱን ያገኘዋል።»

ሴትየዋ የምስሩን ትሪ ነቀነቀችው። «የእሳቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቤቱ ልሂድ ይላል፣ ሰውየው ነው አልነቃነቅ ያለው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ልጃቸው ሲደውል ማንጎው ሥር ሄደው ነው የሚያወሩት፤ የማልሰማ መስሏቸው። ቤታቸውን ምስጥ እየበላው እሳቸው የፈረንጅ ቤት ያቃናሉ!»

ተቆጣሁ። ተነሥቼ ወጣሁና ጠዋት ያጠጣሁትን አበባ ደግሜ አጠጣሁት። ውኃው ከአበባው ሥር አልፎ እግሬን አረጠበው። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፤ ያለችው ነገር ነው እንደ እሾህ የገባብኝ። ቁጣዬ ሲበርድ ያ ሰው ወንበሩን እያነሣ ሲዞር ታየኝ። ከጓሮ ሆኖ ሲያይ በሩ ጠፍቶበታል፤ ግን ቤቴ አይደለም አላለም። ባለቤቴን እኔ የማያት ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው፣ ከመደቡ ጎን። መደቡ ላይ የታመመችውን ብቻ። ሌላ ቦታ ሆኜ ለማየት ሞክሬ አላውቅም። ይሄን አሰብኩ እንጂ ወዲያው ጀግና ሆንኩ አልላችሁም። ጥቂት ቀናት ደግሞ አለፉ። ከዚያ ልጄ ሲደውል ማንጎው ሥር አልሄድኩም፤ እዚያው የሳሎኑ በር ላይ ሆኜ አነሣሁት።

«ቤቱን አንሡት» አልኩት። «እኔም እመጣለሁ።»

ልጄ አላመነም። «አባ? አንተ ነህ?»

አስተማሪዋ በኋላ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረችና ሥዕሉን ይዛው ሄደች። ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ፤ ሴትየዋ እሱንም ትወለውለው ነበር።

እኔም ከሲቀላ፣ ከታችኛው የከተማው ሰፈር፣ መኪና ተሳፍሬ ወደ ዶርዜ ወጣሁ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሙቀቱ ቀረ፣ ጉሙ መጣ፤ ጋቢዬን ተከናነብኩ። ከመኪናው ስወርድ ወዲያው ወደ ቤቱ አልቀረብኩም። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት። እንሰቱ መሀል ተቀምጧል፤ እንዴት አጥሯል! እንሰቱም አንድ አረንጓዴ አልነበረም። ፀሐይ የነካው ቢጫ ይሆናል፣ ሥሩ ይቀላል፣ ጉም የነካው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እዚያው ተወልጄ እዚያው አርጅቼ ይሄን ለማየት ሴቻ ሳሎን ውስጥ መቀመጥ ነበረብኝ?

ከዚያ ጣራውን አየሁ። ጭስ እየተነነ ነው። ከጣራው ከየቦታው፣ ቀስ እያለ፣ ሰው ያለበት ቤት እንደሚተነፍሰው።

እርምጃዬን አፈጠንኩ። ስጠጋ ከዝቅተኛው በር ጎንበስ ብላ አንዲት ሴት ወጣች፤ የባለቤቴ ታናሽ እህት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ቤቷ ከእኛ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። እጇ አመድ ነው።

«መጣህ?» አለችኝ። በቋንቋችን ነው የተናገረችው፤ በአማርኛ ስጽፈው ይለሰልሳል እንጂ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም።

«ይሄ ጭስ ምንድን ነው?»

«እሳት ነዋ።»

«ማነው የሚያነደው?»

«ጅብ ነው። ሌላ ማን አለህና?»

በየማታው እየመጣች ኖሯል የምታነደው። ቀርከሃ ጭስ ካላገኘ ይበሰብሳል፣ ነቀዝም ይገባዋል። ልጄም ያውቃል፣ ጎረቤቱም ያውቃል። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀን?» አለችና እንጨት ልታመጣ ሄደች።

በማግስቱ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። የቤቱን ዙሪያ ቆፈሩ፣ የተበላውን እግር ቆረጡ፣ ረጃጅም እንጨት በሽመናው መሀል አሾልከው በገመድ ጠፈሩ። እኔ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ከዚህ ቅርብ ስታዩት ቀርከሃው አንዱ ማር ይመስላል፣ አንዱ አመድ፣ ጭስ የጠገበው ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። ጭረት በጭረት። ያ ሠዓሊ ይሄን ቢያይ ከየትኛው ይጀምር ነበር እያልኩ ነበር።

«ሽማግሌው ውስጥ ይቀመጡና ይጓዙ እንጂ!» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«ከከበደን መጀመሪያ እሳቸውን ነው የምንጥለው!» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

አውጪው ዜማውን አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። ቤቱ አንዴ ተንቋቋ። ከዚያ ከመሬት ለቀቀ። ከሥር በኩል ብርሃን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ገባ፣ እና ቤቱ ብዙ የሰው እግር አብቅሎ ሄደ። እንደ ሥዕሉ ቤት ወደ ግራ ያዘማል፣ ግን አይወድቅም፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስባል።

እኔ ቀረሁ። ከፊቴ ክብ መሬት አለ። ምድጃው፣ ሦስቱ ጉልቻ፣ መደቡ። ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ አፈር ላይ ፀሐይ ወጥቶበታል። መደቡ እንዴት ትንሽ ነው! አንድ ሰው ተኝቶበት የሞተበት አይመስልም። ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። ያሰብኩት ሁሉ፣ ወንበሩን እያነሣ የሚዞረው ሰውዬም፣ መጽሐፉም፣ ከራሴ ወጣ። ከታች «ቤቱ ደርሷል! ይምጡና በሩ ወዴት ይዙር ይበሉን!» ብለው ተጣሩ። መነሣት አቃተኝ። ልጄ መጣ፤ በእጄ ሂድ አልኩት። ቆሞ አየኝና ሄደ።

ከዚያ የባለቤቴ እህት መጣች።  ቁጢጥ ብላ ፍሙን ከምድጃው በእንጨት እየጎተተች በገል አጠራቀመች፣ ላዩን አመድ አለበሰችው። ገሉን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ያዝ።»

«አንቺ አትወስጂውም?»

«እኔ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ደክሞኛል።»

እጄን አልዘረጋሁም። «እሷስ?» አልኳት። «እዚህ ሜዳ ላይ ትቻት ልሂድ?»

መደቡን አየችው። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እህቷ ናትና። ከዚያ ግን ተቆጣች።

«መቼ ነው እህቴ አንድ ቦታ ተቀምጣ የምታውቀው? አንተ ጉድጓድህ ውስጥ ስትሸምን ያንን ቁልቁለት ስትወጣ ስትወርድ የኖረች ሴት! አሁን አመድ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቅህ ይመስልሃል? እዚያ ደርሳ ሰዎቹን እያዘዘች ነው። ተነሥ፣ እሳቱ ሊጠፋ ነው።»

ሳቅ አመለጠኝ። እንባም ነበረው። ባለቤቴ የቆሎ ዘንቢል በራሷ ላይ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከገበያ ሽቅብ ስትመጣ ታየችኝ፤ ከታመመች ወዲህ አንድም ቀን እንደዚያ ታይታኝ አታውቅም። ገሉን ተቀበልኩ። ሙቀቱ መዳፌ ድረስ ዘለቀ። እህቷ ክንዴን ይዛ አስነሣችኝ፣ ጉልበቴ ሲንቋቋ «ቤቱ ነው ወይስ አንተ?» አለችኝና ከፊት ከፊቴ ሄደች።

ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት እሷ እንዳዘዘቻቸው ሰዎቹ በሩን ወደ ሐይቆቹ አዙረውት አገኘን። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ ፍሙን አዲሱ መሬት ላይ ገለበጥኩት፣ እሷም ተንበርክካ እፍ አለችበት። ከክብ መሬቱ ያነሣችኝ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ በተቀመጥኩበት ዘመን ሁሉ ቤቴን በሕይወት ያቆየችልኝ እሷ ናት፤ የባለቤቴ ታናሽ እህት።